ሰባት ማብላያ፣ አራት ነበልባል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሒሳብ ክፍሉን ወክሎ የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላትና ለደጋፊዎቻችን እንዲደርስ ሙሉው ታትሟል።)



የሒሳብ ሪፖርት ሲጀመር ዓይናችሁ ወደ ረከቦቱ እንደሚሄድ እናውቃለን፤ አንቀየምም። ገቢውና ወጪው በእጃችሁ በያዛችሁት ወረቀት ላይ ስላለ ቁጥር በቁጥር አናነበንብም። ዛሬ የምናወራው በደረሰኝ ላይ ስለማይታይ ሒሳብ ነው። ስለ እበት፣ ስለ ጀሪካን ውሃና ስለ እሳት። በመጨረሻም ሦስት ነገር እንድትወስኑልን እንጠይቃለን። አንደኛው የአንዲትን እናታችንን ዕዳ የሚመለከት ስለሆነ በጥሞና አድምጡን።

ባለፈው ዓመት ባቀረብነው ሪፖርት ውስጥ «በተዘዋዋሪ ብድር ሰባት የባዮጋዝ ማብላያዎች ተሠርተዋል» የሚል መስመር ነበረ። ይኸው መስመር ለደጋፊዎቻችንም ተልኳል። መስመሩ ውሸት አይደለም። ሰባቱም ተቆፍረዋል፣ ተገንብተዋል፣ የሲሚንቶው፣ የአሸዋው፣ የቧንቧውና የግንበኛው ደረሰኝ በፋይሉ ውስጥ አለ። ኦዲተር ቢመጣ አንድ ቃል የሚናገረን የለም።

ነገር ግን በዘንድሮው መስከረም ከኮሚቴው ጋር ሆነን ሰባቱንም ቤት ዞርን። በየቤቱ ክብሪት ጭረን ምድጃውን ለኮስን። ሰማያዊ፣ ቀጥ ያለ ነበልባል ያየነው በአራት ቤት ነው። በአንደኛው ቤት እሳቱ ብልጭ ድርግም ይላል። በሁለቱ ቤት ምንም የለም። በአንደኛው እንዲያውም ምድጃው ላይ የሽንኩርት ቅርጫት ተቀምጦበት አገኘን። ሰባት ብለን ሪፖርት አድርገን አራት አየን። ይህን ልዩነት ነው ዛሬ የምናወራርደው።

ለምን ጀመርነው?

እዚህ ደብረ ብርሃን አካባቢ ኩበት ምን እንደሆነ ለማንም አንነግርም። እበቱን በእጃችን ሰብስበን፣ ጭድ ቀላቅለን፣ ጠፍጥፈን፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ክረምቱ ሳይገባ ከምረን ያደግን ነን። ኩበቱ ቤት ያሞቃል፣ ወጥ ይሠራል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ተሽጦም ለልጅ ደብተር ይገዛል። ስለዚህ «ኩበት መጥፎ ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው እኛን አያውቀንም።

ሆኖም ኩበት በነፃ የሚመጣ ይመስለናል እንጂ ሁለት ጊዜ ያስከፍለናል። አንደኛው ክፍያ በዓይናችንና በደረታችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ማድቤት የምትገባው እናት ናት፣ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም አብሯት ይገባል።

ሁለተኛውን ክፍያ የሚከፍለው ማሳው ነው። እበት ሲነድ ለሰብሉ የሚሆነው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ የሚተርፈን አመድ ነው። ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ በብድር እንገዛለን። በአንድ በኩል ከበረታችን ያለውን ማዳበሪያ አቃጥለን፣ በሌላ በኩል ማዳበሪያ ለመግዛት መዝገቡ ላይ እንፈርማለን። እኛ የብድሩን መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ይህን በየዓመቱ ሰኔ ላይ እናየዋለን።

ባዮጋዝ ደግሞ ያንኑ እበት ሁለት ጊዜ ያሠራዋል። እበቱ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ አየር በማይገባበት ከመሬት በታች ባለ ጉልላት ውስጥ ሲቀመጥ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ያብላሉታል። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ሚቴን የሚባለው የሚነድ ጋዝ ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙ በቧንቧ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ተብላልቶ የሚወጣው ዝቃጭ ግን ናይትሮጅኑን እንደያዘ በሌላው በር ይወጣልና ለድንቹ፣ ለነጭ ሽንኩርቱና ለገብሱ ይሆናል።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። አገር አቀፉ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከተጀመረ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በሺዎች የሚቆጠሩ ማብላያዎች ተሠርተዋል። ዲዛይኑ መነሻው ኔፓል ነው። ለአገራችን እንዲስማማ ተደርጎ ሲስተካከል «ስንዱ» የሚል ስም ተሰጠው። ስንዱ ማለት የተሰናዳች፣ ዝግጁ የሆነች ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማብላያው ስንዱ ነበር። ስንዱ ሆነን ያልተገኘነው እኛ ነን።

ሒሳቡ እንዲህ ነው

ብድር ስንፈቅድ የጠየቅነው «መክፈል ትችያለሽ ወይ?» ብለን ነው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብን «ልትመግቢው ትችያለሽ ወይ?» ብለን ነበር። ማብላያ እንደ ላም ነው፤ ካልበላ አይታለብም።

አባሎቻችን የወሰዱት ስድስት ሜትር ኩብ የሚይዘውን ነው። ይህ በቀን 40 ኪሎ ገደማ እበት ይፈልጋል። ሙቀት ሲኖር ከአንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይገኛል። 40 ኪሎ በ40 ሊትር ሲባዛ 1,600 ሊትር ይሆናል። አንድ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ገደማ ስለሚወስድ፣ የቀኑ እሳት አራት ሰዓት ነው። ቁርስ፣ ወጥ፣ ቡናና የእግር ውሃ ይችላል።

40 ኪሎ እበት ከየት ይመጣል? ቀኑን ሙሉ ሜዳ ውላ ለአዳር ብቻ የምትገባ ያገር ላም ለበረት የምትተወው አምስት ስድስት ኪሎ ነው፤ ሌላው ሜዳ ላይ ይቀራል። በረት ውስጥ ታስራ የምትቀለብ ላም ግን አሥር ኪሎና ከዚያ በላይ ትሰጣለች። ስለዚህ ቢያንስ አራት ታስረው የሚቀለቡ ከብቶች ያስፈልጋሉ። ሁለት ላም ያላት ሴት የምታገኘው የሁለት ሰዓት እሳት ነው፤ እሱም በሞቃት አገር።

እዚህ ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ እኛ ጋቢ እንደምንደርበው ሁሉ፣ ጥቃቅኖቹ ነፍሳትም ይበርዳቸዋል። ሥራቸው የሚቀናው በ35 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ ነው፤ ቅዝቃዜው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ጋዙ ይቆማል ለማለት ይቻላል። ጉልላቱ ከመሬት በታች መሆኑ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ በብርድ ወራት ጋዙ እንደሚቀንስ ለማንም ቀድመን አልነገርንም። ከአራቱ የተሳካላቸው አባሎቻችን አንዷ በራሷ ብልኃት ያገኘችውን እንንገራችሁ። እበቱን በማለዳ በበረዶ ውሃ አትበጠብጥም። ውሃውን በጥቁር ጀሪካን ፀሐይ ላይ አውላ፣ ወደ ቀትር ገደማ ትበጠብጣለች። ጉልላቱ ላይ ያለውን አፈርም ወፍራም የገለባ ብርድ ልብስ ታለብሰዋለች። በታኅሣሥ የእሷ እሳት ከጎረቤቷ የተሻለ ነበር።

ሌላው ሒሳብ ውሃ ነው። ለአንድ ኪሎ እበት አንድ ሊትር ውሃ ይጨመራል። 40 ኪሎ እበት 40 ሊትር ውሃ፣ ማለትም በየቀኑ ሁለት ባለ 20 ጀሪካን ይፈልጋል። ቧንቧ በግቢዋ ላላት ይህ ምንም አይደለም። ቦኖ ድረስ ለምትሄድ ግን ከጭስ አወጣናት ብለን ጀርባዋ ላይ ጫንንባት ማለት ነው። የከብቶቹ ሽንት በቦይ ተሰብስቦ ከውሃው ከፊሉን ሊተካ ይችላል፤ ለዚህ ግን የበረቱ ወለል ሊሾ መሆን አለበት። ብድሩ ለወለል ሥራ አልነበረም።

የእንጀራንም ነገር እንናገር። ባዮጋዝ ወጥና ቡና ይሠራል፤ እንጀራ ግን ገና አልተመለሰልንም። የምጣዱን ስፋት አስቡት። ትንሿ ምድጃ መሐሉን ስታሳርር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። የባዮጋዝ የእንጀራ ምድጃ የሚሞክሩ ባለሙያዎች አሉ፤ አባሎቻችን ቤት ግን እስካሁን የለም። ስለዚህ አራቱም የተሳካላቸው ቤቶች በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ምጣድ ሲጥዱ ወይ ኩበት ያነዳሉ፣ መብራት ካለ በኤሌክትሪክ ይጋግራሉ። ባለፈው ሪፖርት «ከጭስ ነፃ የሆኑ ማድቤቶች» ብለን የጻፍነውን ዛሬ «ጭሳቸው የቀነሰ» ብለን አርመነዋል።

ሦስቱ ቤቶች

አሁን ወዳልሠሩት ሦስቱ ቤቶች እንምጣ።

እሳቱ ብልጭ ድርግም የሚልበት ቤት ችግሩ ውሃ ነበር። ከጉልላቱ የሚወጣው ጋዝ እርጥበት አለው፤ ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆንና ዝቅ ባለው ቦታ ይጠራቀማል። ለዚህ ሲባል የውሃ ማውጫ ቫልቭ ይገጠማል፤ በየጊዜው ተከፍቶ ውሃው መውረድ አለበት። አባላችን ቫልቭ መኖሩንም አታውቅም ነበር። ከወረዳው አብሮን የመጣው ባለሙያ ሲከፍተው አንድ ጣሳ ሙሉ ውሃ ፈሰሰ። እሳቱም ቀጥ አለ። አባላችን «ለዚህ ነው እንዴ አምስት ወር ሙሉ ሳራግብ የኖርኩት?» ብላ ሳቀች። እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም።

በሁለተኛው ቤት ከጉልላቱ አናት ላይ ያለው ዋናው ቫልቭ ተሰብሯል። ግንበኛው ሥራ ፍለጋ አገር ለቆ ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም። ዕቃው ከተማችን ሱቅ ውስጥ አልተገኘም። ጋዙ ሲያፈስና ሲሸት ልጆቹ እንዳይጎዱ ብላ መመገቡን አቆመች፤ ትክክልም አደረገች። ሚቴን ታፍኖ በቆየበት ቤት ክብሪት ከተጫረ ይፈነዳል። ሳይነድ ወደ አየር ሲወጣም ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ይከፋል። ስለዚህ ይህ ነዳጅ ንጹሕ የሚባለው ሲነድ ብቻ ነው፤ የሚያፈስ ማብላያ ከኩበቱም ሊብስ ይችላል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ቆሞ እበቱ ላዩ ላይ ደርቆ ተጋገረ። ቫልቩ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ደረቁ ተፍቆ ወጥቶ፣ እንደገና ተመግቦ ጋዝ እስኪሰጥ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። ዛሬ ይነዳል። ለዘጠኝ ወር ጭስ ምክንያት የሆነው የአንድ ቫልቭ ዋጋ ግን ለዚህ ስብሰባ ከተገዛው የለስላሳ ወጪ ያንሳል። ሁለቱም ደረሰኞች በአንድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው።

ሦስተኛው ቤት የዛሬው ዋና ጉዳያችን ነው። ስሟን አንጠራም፤ የማይጠራበትን ምክንያት ስትሰሙ ትረዱናላችሁ።

ይህች እናታችን ባሏ የሞተባት፣ ልጆች የምታሳድግ ናት። ብድር ስትጠይቅ ኮሚቴያችን ቤቷ ሄዶ በረቱን አየ። አራት ላሞች ቆመዋል። «አራት ከብት» ብለን ጻፍን፣ ፈረምን። ፎርሙ ላይ «ስንት ከብት አለ?» ይላል እንጂ «የማን ናቸው?» አይልም። ሁለቱ የወንድሟ ነበሩ፤ እንድትጠብቅለት በአደራ የተሰጧት። ከፋሲካ በኋላ ወንድሟ ችግር ገጥሞት ሁለቱን ወስዶ ሸጠ። ከቀሩት ከሁለቱ አንዷ በኅዳር ሞተች። በአንድ ላም እበት ስድስት ሜትር ኩብ ማብላያ አይሠራም። ምድጃዋ ከጠፋ ዓመት አለፈው።

እናንተ አሁን «ታዲያ ዕዳዋ ተቋርጦ ይሆናል» ትላላችሁ። አልተቋረጠም። መዝገባችን ላይ የዚህች ሴት ስም ከሁሉም የጠራው ነው። አንድም ወር አላሳለፈችም፤ አንድም ቀን አልዘገየችም። እኛም በየወሩ እየፈረምን ደረሰኝ ሰጠናት። እንዲያውም ባለፈው ዓመት «አርአያ ከፋይ» ብለን ካጨበጨብንላቸው አንዷ ነበረች። ከአንዲቷ ላም ወተት እየሸጠች ለሌለ ጋዝ ትከፍላለች፤ በዚያው ቀን ደግሞ ማገዶ ትገዛለች። «ለምን አልነገርሽንም?» ስንላት እንዲህ አለች፦ «ያልከፈለች ተብሎ ስሜ በጉባኤ እንዳይጠራ ብዬ ነው። አበዳሪዬም፣ ዕድሬም፣ ጎረቤቴም እናንተው ናችሁ፤ ለማን ልንገር?»

ይህን ከሰማን በኋላ በሒሳብ መዝገባችን ላይ ያለን እምነት ቀንሷል። የብድር መዝገብ ገንዘቡ መመለሱን ይነግረናል። ከየትኛው ልጅ ጉሮሮ እንደተመለሰ አይነግረንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኛ ግን ቸኩለን ስናፈስ የለቀመችው እሷ ናት።

ስለ ባጃጁና ስለ ሲሊንደሩ

ባለፈው ስብሰባ ከአባሎቻችን አንዷ የባጃጅ ሹፌር ልጇን ጥያቄ ይዛ መጥታ ነበር። «በሕንድ ባጃጅ በጋዝ ይሄዳል። ቤንዚን ፍለጋ ከምንሰለፍ የእናንተን ጋዝ በሲሊንደር ሞልታችሁ አትሸጡልንም ወይ?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ መልስ ይዘን መጥተናል።

ልጁ የሰማው እውነት ነው። በሕንድ ብዙ ባጃጆችና አውቶቡሶች የሚሄዱት በታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። የዴልሂ ታሪክ የታወቀ ነው። የከተማው አየር በናፍጣ ጭስ ስለታፈነ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 የከተማ አውቶቡሶች ሁሉ ወደ ታመቀ ጋዝ እንዲለወጡ አዘዘ። ቀነ ገደቡ እየተራዘመ ለውጡ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ነው። የናፍጣው ጥቁር ጭስ ከአውቶቡሶቹ ቀረ። በመካከሉ ግን ተሽከርካሪው ቀድሞ ጋዝ መሙያ ጣቢያው ስለዘገየ፣ ሾፌሮች ለሰዓታት ይሰለፉ ነበር። መኪናውን መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ የሚሞላበትና የሚጠገንበት ቀድሞ መሰናዳት አለበት። የእኛም ጥፋት በትንሹ ይኸው ነው።

የተፈጥሮ ጋዝና የእኛ ባዮጋዝ ዘመዳሞች ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ የሚነደው ሚቴን ነው። በአገራችን በሶማሌ ክልል ካሉብና ሂላላ ላይ ያለው ጋዝ ከምድር ሥር ለዘመናት የተከማቸ ነው፤ ከወጣ በኋላ አይተካም። የእኛ ግን ላሟ ዛሬ ጠዋት ከጣለችው ይመጣል፣ ነገም ይመጣል። የተፈጥሮ ጋዝ ከናፍጣና ከከሰል ይልቅ ጭሱ ያነሰ ቢሆንም ከመሬት የወጣ ካርቦን ነው። ባዮጋዝ ሲነድ የሚለቀው ካርቦን ከብቱ ከበላው ሣር የመጣ ነው። በስዊድን ሊንሾፒንግ በምትባል ከተማ አውቶቡሶች ተጣርቶ በታመቀ ባዮጋዝ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሐሳቡ ሕልም አይደለም።

ሆኖም በእኛ ግቢ አይሆንም፤ ለምን እንደማይሆን ግልጽ ይሁን። ቡታጋዝ በመጠነኛ ግፊት ወደ ፈሳሽነት ስለሚለወጥ ትንሽ ሲሊንደር ብዙ ይይዛል። ሚቴን ግን በተራ ሙቀት የቱንም ያህል ቢጫኑት ፈሳሽ አይሆንም። ለተሽከርካሪ እንዲበቃ እስከ 200 ባር ገደማ መታመቅ አለበት። የመኪና ጎማ ሁለት ባር ገደማ ነው፤ የዚህን መቶ እጥፍ አስቡት። ለዚህ ልዩ ወፍራም ሲሊንደርና መጭመቂያ ማሽን ያስፈልጋል። ከዚያም በፊት ካርቦን ዳይኦክሳይዱና ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው፣ ብረት የሚበላው ጋዝ ተጣርቶ መውጣት አለበት። ስለዚህ አደራ እንላችኋለን፤ ማንም ሰው፣ ልጃችሁም ቢሆን፣ ባዮጋዝ በቡታጋዝ ሲሊንደር ልሙላ ቢል እንዳትፈቅዱ። ሲሊንደሩ ለዚያ አልተሠራም። የሚፈነዳው የእኛው ግቢ ውስጥ ነው። የእኛ ጋዝ ቦታው ማድቤት ነው፤ መስኮቱ ክፍት ሆኖ።

የምንጠይቃችሁ ውሳኔ

አንደኛ፣ የዚያች እናታችን ቀሪ ዕዳ ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆምና ከማኅበሩ የመጠባበቂያ ሒሳብ እንዲሸፈን፣ ምድጃዋ ከጠፋ በኋላ የከፈለችው ወለድም ወደ ቁጠባ ደብተሯ እንዲመለስላት እንጠይቃለን። መጠባበቂያው ይችለዋል፤ አስልተነዋል። በዚህ ላይ ከኮሚቴው ውስጥ ክርክር ነበረ። «ለአንዷ ከማርን ነገ ሁሉም አልከፍልም ይላል» ያሉ አሉ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም፤ የሁላችንም ቁጠባ ነውና። የእኛ መልስ ይህ ነው። ዕዳው የሚሰረዘው ስላልከፈለች ሳይሆን እኛ አጥርተን ሳናይ ስላበደርናት ነው። ጥፋቱ የአበዳሪ ሲሆን ኪሳራውም የአበዳሪ ይሁን። ይህንኑ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ለወደፊቱም እንጻፈው። ማብላያውን በተመለከተ ምርጫው የእሷ ነው። ሁለት ጎረቤቶቿ እበታቸውን ሊያመጡላትና በምትኩ የተብላላውን ዝቃጭ ለማሳቸው ሊወስዱ ፈቃደኛ ናቸው። ከፈለገች እናግዛለን፤ ካልፈለገች አናስገድዳትም።

ሁለተኛ፣ የብድር ፎርሙ ይቀየር። ከብቶቹ የማን ናቸው? ታስረው ይቀለባሉ ወይስ ሜዳ ይውላሉ? ውሃው ስንት ደቂቃ ይርቃል? በየቀኑ የሚበጠብጠው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በስድስት ቤት መልሱ «ትልቋ ልጅ» ነው፤ ትምህርት ቤት መሄጃ ሰዓቷን የሚወስድ ከሆነ ብድሩ ይቆይ። ከዚህ ጋር ከብድሩ ወለድ ከፊሉ የጥገና ሣጥን ይሁን። ቢሯችን ውስጥ መለዋወጫ ቫልቭ፣ ጎማ ቱቦና ማጠባበቂያ ይቀመጥ፤ ሁለት ወጣት ሴት አባሎቻችን ከወረዳው ባለሙያ ጋር ሠልጥነው በየሦስት ወሩ ቤት ለቤት ይዙሩ፣ ለድካማቸውም ይከፈላቸው።

ሦስተኛው የሚመለከተው እናንተን ደጋፊዎቻችንን ነው። ለዚህ ዓመት ለሦስት አዳዲስ ማብላያዎች ገንዘብ ልካችሁልናል። ከልብ እናመሰግናለን። ገንዘቡ በባንክ አለ፤ አልነካነውም። ስምንተኛውን ከመሥራታችን በፊት ሰባቱን እንድናበራ ፍቀዱልን። ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው ለጥገናውና ለሥልጠናው፣ የቀረውም ቦይና ሊሾ ለሌላቸው በረቶች ወለል እንዲውል እንጠይቃለን። ለፎቶግራፍ የሚሆን አዲስ ጉልላት ዘንድሮ ላናሳያችሁ እንችላለን። በምትኩ በየሦስት ወሩ አንድ ቁጥር እንልክላችኋለን፤ በዚያ ቀን ክብሪት ተጭሮ ስንት ምድጃ ነደደ የሚል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ዝቅ ብሎ ይደርሳችኋል። ባለፈው ዓመት «ሰባት» ብለን ስንጽፍላችሁ ማወቅ የምትፈልጉት የደረሰኙን ቁጥር መስሎን ነበር፤ ለዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን።

እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፣ ይህን ሁሉ የተናገርነው ባዮጋዝ አይሆንም ለማለት አይደለም። ከአራቱ ቤቶች በአንዱ ገብተን ቡና ጠጥተናል። ግድግዳው በኖራ ተቀብቶ ነጭ እንደሆነ ነው። እናትየዋ ጀበናውን ጥዳ አጠገባችን ተቀምጣ ታወራለች። ድሮ ቡና ስታፈላ ዓይኗን እየጠረገች ትወጣና ትገባ ነበር። የልጅ ልጇ ጉልበቷ ላይ ተኝቷል። ይህ እንዲሆን ነው የተነሣነው። ይህ በአራት ቤት ከሆነ በሰባትም ይሆናል፤ ግን ከግንባታው በኋላ ስንዱ ሆነን ከተገኘን ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ከእናንተ መካከል ዛሬ ምድጃዋ የጠፋባት፣ ላሟ የሞተባት፣ ወይም ለሌለ ነገር የምትከፍል ካለች፣ ስሟ በጉባኤ አይጠራም። የቢሮው በር በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው። ደረሰኝ ለመቁረጥ ብቻ አይደለም የተቀመጥነው።

እንግዲህ እጃችሁን ለማውጣት ተዘጋጁ፤ ቡናውም ሦስተኛው ሳይደርስ እንጨርሳለን።

(ሦስቱም ሐሳቦች በዕለቱ ለድምፅ ቀርበዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በሙሉ ድምፅ፣ የመጀመሪያው ከብዙ ክርክር በኋላ በአብላጫ ድምፅ ጸድቀዋል። በቀጣዩ እትማችን የመጀመሪያውን የሦስት ወር ቁጥር እናወጣለን።)